የዓለምዘውድ ተያዥ

ዓለምዘውድ ሸዋንግዛው በ1963 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስትመለስ፣ የነርስነት ፈቃዷን በካርቶን፣ ካርቶኑን በነጠላ ጠቅልላ፣ ነጠላውን ደግሞ እቅፏ ውስጥ ሸጉጣ ነበር የተቀመጠችው። አውቶቡሱ ጥያ ላይ ቆሞ ተሳፋሪው ሁሉ እግሩን ሊያፍታታ ሲወርድ እሷ አልወረደችም። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ተምራለች፤ ፈተናውን አልፋለች፤ ስሟ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የቀረኝ ሥራ መያዝ ብቻ ነው ትል ነበር። እሱም ቢሆን ያለቀለት ነገር መስሏታል፤ ከገበያው በላይ ባለችው ክሊኒክ ትሠራ የነበረችው ነርስ አግብታ አሰላ መግባቷን እናቷ ወይዘሮ ብርቄ በሰው እጅ አስጽፈው ልከውላታል።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበረች። ሳልቀጠር ነጭ ልብስ መልበስ ድፍረት ይሆንብኝ ይሆን ብላ ሁለት ጊዜ ለብሳ ሁለት ጊዜ አውልቃ፣ በመጨረሻ በአበባ ቀሚሷ ሄዳለች። የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ አዳነ ከጦር ሠራዊት በጡረታ የወጡ ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰር ናቸው። ፈቃዷን ከፊቱም ከኋላውም አገላብጠው አዩት። ኋላው ባዶ ነው፤ ቢሆንም እዚያም ላይ ቆየት አሉ።

«ማኅተሙ ጥሩ ነው» አሏት። «የሸዋንግዛው ልጅ አይደለሽም? የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የነበረው?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ሲስተር ዓለምዘውድ፣ በሽተኛውን ዛሬውኑ ባስረክብሽ ደስታዬ ነው። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ግን ያለ ተያዥ አልሰጥም። ቁልፍ ያልያዘች ነርስ ደግሞ ምን ትሠራለች? ከእኔ ጋር ቆማ ታወራለች።»

«ተያዥ?»

«ንብረት ብታጎድዪ፣ ወይም ጥለሽ ብትጠፊ፣ በእሷ ቦታ እኔን ጠይቁኝ ብሎ የሚፈርም ሰው። ወይ ደመወዝተኛ፣ ወይ ከማዘጋጃ ቤት ማስረጃ ያለው ባለቤትና ባለመሬት። እስከ ረቡዕ ሳምንት። ከዚያ በላይ ላቆይልሽ አልችልም። ከሆሳዕና አንድ ጎረምሳ አመልክቷል፤ ተያዡን ይዞ ነው የመጣው።»

ሲስተር ያላት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ። በሌላ ቀን ቢሆን ቃሉን ይዛ ቤቷ ድረስ ትሮጥ ነበር። ያን ቀን ግን ከክሊኒኩ ወጥታ የገበያውን ሜዳ ሁለት ጊዜ ዞረችው። ነገሩን እንዴት ብላ ለእናቷ እንደምትነግራቸው አላወቀችም፤ በእነሱ ቤት «ተያዥ» የሚለው ቃል አይነሳምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ አቶ ሸዋንግዛው ከመርሐቤቴ ለሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። አብሯቸው የመጣ ገብረእግዚአብሔር የሚባል የአገራቸው ልጅ፣ ድልድይ በሚሠራ አንድ ግሪክ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ የመጋዘን ጠባቂ ሆኖ ሲቀጠር ተያዥ ሆኑለት። በ1952 ዓ.ም. ከመጋዘኑ ሲሚንቶ ጎደለ። ሰውየው በአንድ ሌሊት ጠፋ። አባቷ አርባ ሦስት ቀን ታሰሩ፤ ከወጡም በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ደመወዛቸው ተቆራርጦ ነበር እጃቸው የሚገባው። ስንቅ የምታመላልሰው ዓለምዘውድ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የፖሊስ ጣቢያውን በር፣ ዘበኛው እንጀራውን በጣቱ እየገለጠ ሲፈትሽ፣ አባቷ ከውስጥ ሆነው «በላሽ?» ብለው ሲጠይቋት፣ ይህን ሁሉ በሐኪም ቤቱ ትምህርት መሐል እንኳ፣ መርፌ እየቀቀለች ሳለ፣ በድንገት ታስታውሰው ነበር።

እናቷ እንዝርታቸውን እያሾሩ እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«ሌላ ሥራ የለም?» አሉ።

«ሁሉም ቦታ ይጠይቃል እማዬ። አዲስ አበባም ይጠይቃል።»

«በእኛ ምክንያት የሰው እጅ አይያዝም። ይህን ቤት አንድ ጊዜ ያፈረሰው እሱ ነው።»

«እኔ እኮ አልጠፋም። ምንስ አጎድላለሁ?»

«አንቺማ አታጎድዪም» አሉ ወይዘሮ ብርቄ፤ «አባትሽም ምንም አላጎደለ።»

እንዝርታቸውን ማሾር ቀጠሉ። ዓለምዘውድም ደግመው አለመከልከላቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠረችውና ከማግስቱ ጀምሮ የሰው ደጅ መጥናት ጀመረች። ደጅ መጥናት እንዲህ በቀላሉ የሚጻፍ ነገር አይደለም። ሰው ቤት ገብቶ ሻይ ተቀብሎ፣ ስለ ዝናብና ስለ እህል ዋጋ ተጫውቶ፣ የመጡበትን ነገር ለማንሳት ጉሮሮ ሲጠረግ የቤቱ ባለቤት አስቀድሞ ጉዳዩን አውቆ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ሲሰቅል ማየት አለ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ ነገ ወዴት እንደሚዛወሩ የማያውቁ፣ በተከራዩት ቤት የሚኖሩ፣ ሣጥናቸውን አልጋ ሥር አድርገው የሚያድሩ ሰዎች።

ብዙ ተስፋ ያደረገችው በመምህር ሽባባው ነበር። አራተኛ ክፍል ያስተማሯት ሰው ናቸው። ጉዳዩን ስትነግራቸው ሳቃቸው መጣ፤ ሊያቆሙት ቢሞክሩም አልቆም አላቸው።

«በአንቺ አይደለም የምስቀው ልጄ፤ በራሴ ነው። ስሚኝ። እኔ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ተያዥ ነኝ። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ተያዥ ነው። የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ የእኔ ተያዥ ነው። አንዳችን ብንጠፋ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ወህኒ ይወርዳል።»

«እናንተማ ውስጥ ሆናችሁ ካርታ ትጫወታላችሁ» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ከጓዳ። «ለሦስት እስረኛ ስንቅ የማመላልሰው እኔ!»

ዓለምዘውድም አብራቸው ሳቀች። ሳቁ እንዳበቃ ግን ብድግ አለች። መምህሩ እስከ አጥሩ ሸኟት። እዚያ ደርሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ሰው ወልቂጤ እንዳለ ታውቃላችሁ?»

«ማን?»

«ገብረእግዚአብሔር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነግሮኛል። ቆዳ ይነግዳል አሉ። ቤት ሠርቷል፣ መሬትም ገዝቷል።» ከዚያ ወዲያው የተናገሩት የጸጸታቸው ይመስል፣ «እንዲያው ሰምቼ ነው» አሉ።

አርብ ገበያ ቆመ። ጨርቅ ነጋዴው ሙስተፋ ሱቁ በር ላይ ሆኖ ጠራት። የመንግሥት ሠራተኛ ስላልሆነ፣ ደመወዝም ስለሌለው፣ እሱን መጠየቅ በሐሳቧም አልመጣ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እህት ዓለምዘውድ። ሰው ስትለምኚ ሰነበትሽ አሉ። እኛ ሰው አይደለንም?»

«ኧረ እንዲህ አይበሉ!»

«አባትሽ ስንት ማመልከቻ ጽፈውልኛል። ወላሂ ዛሬውኑ እፈርማለሁ።»

ሱቁን ለሚስቱ ለዘይባ ትቶ ማዘጋጃ ቤት አብሯት ሄደ። ተሰልፈው ግማሽ ቀን ቆሙ። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ቆርቆሮውና ግድግዳው የሙስተፋ ነው፤ መሬቱ ግን የባለርስት ነው። ጢሰኛ ተያዥ አይሆንም። ሙስተፋ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። አሥራ አምስት ዓመት የኖረበት ቤት በሰው ፊት ቤት አይደለም ተብሏልና፣ የሱ ኀፍረት ከእሷ ጭንቀት በለጠ። ዓለምዘውድ ልታጽናናው ብትፈልግም ያገኘችው ቃል «ይቅርታ» ብቻ ነበር።

የቀሯት አምስት ቀኖች ናቸው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነጩን ልብሷን በከሰል ካውያ ተኮሰች፤ አጣጥፋ አስቀመጠች፤ አወጣችና እንደገና ተኮሰች። እጇን ታጠበች። ሳታስበው እንደገና ታጠበች። እናቷ ከእንዝርታቸው ቀና ብለው አዩዋት።

«ነገ አዲስ አበባ ደርሼ እመጣለሁ» አለች። «የቀረ ወረቀት አለ።»

እናቷን ዋሽታቸው አታውቅም ነበር።

ወልቂጤ ከቡታጅራ ሩቅ አይደለችም። በስተምዕራብ ያለው ተራራ ጀርባ ናት፤ የተራራ ጉዞ ለለመደ ሰው ሁለት ቀን በእግር ይበቃዋል። መኪና ግን ተራራውን አይሻገርም ነበርና በአንዱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ፣ በሌላው፣ በጅማው መንገድ፣ መውረድ ግድ ነው። ዓለምዘውድ ቅዳሜን በአንደኛው አውቶቡስ፣ እሑድን በሁለተኛው ላይ አሳለፈች። ለሰውየው የምትናገረውን ስታዘጋጅ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ጊዮን ከተማ ድረስ ስድብ ብቻ ነበር። ከጊዮን ወዲህ ልመና ገባበት። ወልቂጤ ስትደርስ ሁለቱ ተቀላቅለው የትኛው የት እንደሚጀምር ጠፋት።

«ገብሬ ቆዳ?» አላት የመጀመሪያው የጠየቀችው ሰው፤ «በአፍንጫሽ ሂጂ፣ ትደርሺበታለሽ።»

እውነትም በቆዳው ሽታ አገኘችው። ከመኪና ማቆሚያው በታች፣ ጆንያ የተቆለለበት በረንዳ ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ የተቀመጠችው መሰለች የምትባለው የሰውየው ሚስት የቸሃ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ላይ የአገሯ ዜማ አለበት።

«ግቢ እንጂ! ፀሐይ ምን ሠራሽና ትቆሚባታለሽ?» አለችና ቆጮና አይብ አቀረበችላት። ከዚያ ነው «የማን ልጅ ነሽ?» ያለችው።

«የሸዋንግዛው። ከቡታጅራ።»

ስሙ ለመሰለች ምንም አልነገራትም። ከጓሮ በኩል ግን ቆዳ ላይ ጨው ይነሰንሱ የነበሩት ሰውዬ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ጠጉራቸው ሸብቷል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጨው ሆኗል፤ ጣቶቻቸው መሐል ተሰነጣጥቋል። ዓለምዘውድ አሥራ አንድ ዓመት የጠላችውን ሰው ስታይ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ፣ ይህ ቁስል ቅባት ያስፈልገዋል የሚል ነበር። በራሷ ተናደደች።

«ብርቄ ናት የላከችሽ?» አሉ አቶ ገብረእግዚአብሔር።

«አያውቁም።»

«ምን ፈልገሽ ነው ታዲያ?»

ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋ። «ተያዥ» አለች።

ሰውየው ጆንያው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ከሰው ሁሉ እኔን?»

«ሌላ አላገኘሁም።»

«እውነቱን ተናገርሽ፤ ደግ አደረግሽ።» መዳፋቸውን ገለበጡት፤ ጨውን አራገፉ። «ሲሚንቶውን እኔ አልሸጥኩትም። ቁልፉ ሁለት ነበር፤ አንዱ ከግሪኩ የእህት ልጅ ዘንድ ነበረ። ይህን ፍርድ ቤት ቆሜ መናገር እችል ነበር። ፈራሁና ሄድኩ። አባትሽ መታሰሩን ጊዮን ሆኜ ሰማሁ። ነገ እመለሳለሁ እል ነበር። ያን ሳምንት በየቀኑ ነገ እመለሳለሁ እል ነበር።»

«አርባ ሦስት ቀን ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ» አለች ዓለምዘውድ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ይልልኛል ብላ ነበር።

«አንቺ? አንቺ እኮ ያን ጊዜ...» አሉና በእጃቸው ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ቁመት ለኩ። እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ።

መሰለች ባሏን አየችው፤ እንግዳዋን አየቻት። ነገሩ የገባት ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ያስታውቃል።

«እኔ አሁን ነው የምሰማው» አለች። «ደግ። ቤታችንን ልታስይዝላት ነው? አስይዝላት፤ ዕዳህ ነው። ግን ልጠይቃት።» ወደ ዓለምዘውድ ዞረች። «ብታጎድዪስ? ብትጠፊስ?»

«አልጠፋም።»

«እሱም እንዲህ ሳይል አልቀረም።»

መሰለች ተነሥታ ከግድግዳው ላይ የባሏን ኮት አወረደችና በላዩ ያለውን አቧራ ከሚገባው በላይ በኃይል መታችው። «ነገ ጠዋት እንዲለብሰው ነው» አለች። «ማዘጋጃ ቤት በቆዳ ሽታ አይገባም።»

ሰኞ ማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊው የለም፣ ነገ ኑ አላቸው። አቶ ገብረእግዚአብሔር «ነገ» የሚለውን ሲሰሙ ወደ ቤት መመለስ አልፈለጉም። በሩ ላይ እንጨት ወንበር ነበር፤ እዚያ ቁጭ አሉ፤ እስኪዘጋ ድረስ አልተነሡም። ማክሰኞ ጠዋትም ዓለምዘውድ ስትመጣ በዚያው ኮት እዚያው ወንበር ላይ አገኘቻቸው። ማስረጃው ተጻፈ፤ የተያዥነት ፎርሙም ተሞላ። ሲፈርሙ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አነሱ፤ ከዚያ ስማቸውን ከነአያታቸው ሙሉውን ጻፉ። ማኅተሙ ሲረገጥ ዓለምዘውድ የሚሰማት ደስታ ይሆናል ብላ አስባ ነበር። የተሰማት ግን መኪናው እንዳያመልጣት የሚል ጥድፊያ ብቻ ነው።

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቡታጅራ ወረደች። የክሊኒኩ ቢሮ እስከ አሥራ አንድ ይቆያል። ክሊኒኩ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ላይ ነው፤ ቤታቸው ወደ ታች። ወደ ላይ ጥቂት ሄደች። ቆመች። የሆነ ሰው «ሲስተር፣ መጣሽ?» ብሏት አለፈ። ተመልሳ ወደ ታች ወረደች።

ወይዘሮ ብርቄ ፎርሙን ተቀብለው ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ማንበብ አይችሉም።

«አገኘሽ። ማን ፈረመልሽ?»

ማንንም ማለት ትችል ነበር። የሐኪም ቤቱ ኃላፊ ብትል፣ የጓደኛዬ አባት ብትል፣ በዚያ ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ ለእናቷ ሁሉም አንድ ነው። መምህር ሽባባውም አንብቡልኝ ቢባሉ ለሰላም ሲሉ ሌላ ስም አያነቡም ነበር ማለት አይቻልም። ወረቀቱን ከእናቷ እጅ ወሰደችና ከላይ ጀምራ፣ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የሥራውን ዓይነት፣ ሁሉንም ጮክ ብላ አነበበች። ስሙ ላይ ስትደርስም አላቆመችም፤ ከነአባቱ ከነአያቱ አነበበችው።

እንዝርቱ ቆመ።

«ወልቂጤ ነበርሽ» አሉ እናቷ።

«አዎን።»

«አዲስ አበባ ነው ብለሽኝ።»

«አዎን እማዬ።»

ከውጭ ወደ እንሴኖ የሚመለስ ሰው አህዮቹን እየነዳ አለፈ። ዓለምዘውድ የግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኗን ላለመጣል ትታገል ነበር።

«ሲፈርም እጁ ተንቀጠቀጠ?»

«ብዕሩን ሁለት ጊዜ አነሱት።»

«ሁለት ጊዜ» አሉ ወይዘሮ ብርቄ። ጥጣቸውን ከጭናቸው ላይ ለቀም ለቀም አደረጉ። «ሂጂ እንግዲህ፤ ይዘጋብሻል።»

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ አቶ አዳነ ፎርሙን ከፊቱም ከኋላውም አይተው፣ ስሙ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አንስተው ዓይኗን አዩ። ከተማው ትንሽ ነው፤ ታሪኩን ያውቁታል። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጧት። በሽተኛም ወዲያው አስረከቧት፤ እንሰት ስትፍቅ እግሯን የቆረጠች ከድጄ የምትባል የመስቃን ሴት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓለምዘውድ በመጀመሪያ ሥራዋ የሴትዮዋን ቁስል አጥባ፣ ሰፍታ፣ አሸገች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። የቁም ሣጥኑን በር ዘግታ ወደ ውጭ ከወጣች በኋላ ግን ከገበያው ሜዳ ተመልሳ መጣች፤ እጀታውን ሳበችው። ተቆልፏል። አሁንም ሄደች፤ አሁንም ተመለሰች።

ይህ ልማድ አልለቀቃትም። በዚያ ክሊኒክ በሠራችባቸው ዓመታት ሁሉ ሰው የሚያስታውሳት እንዲህ ነው፤ ቀጭን ነርስ፣ መርፌዋ የማይሰማ፣ ከቤቷ መንገድ እኩሌታ ተመልሳ ቁልፍ የምታይ። ሲስተር ትረሳለች ይሉ ነበር። አንድ ብልቃጥ ብትሰበር፣ አንድ ብልቃጥ ብትጠፋ፣ ከተራራው ጀርባ ማን እንደሚጠራ ማንም አያስብም። እሷ አንዳንድ ቀን ቁልፉን መዳፏ ላይ አድርጋ ትመዝነው ነበር። በሩን ከፍቶ መሄድ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታስብና፣ ከዚያ ሐሳብ የምትሸሽ ይመስል በጥድፊያ ትቆልፈው ነበር።

ወይዘሮ ብርቄም ልጃቸው ከሥራ በተመለሰች ቁጥር፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፣ አንድ ጥያቄ ነበራቸው።

«ዛሬስ? ምንም አልጎደለም?»

«ምንም አልጎደለም እማዬ።»

እናቷ ትንፋሻቸውን ይለቃሉ፤ እንዝርቱ ደግሞ መሽከርከሩን ይቀጥላል። ዓለምዘውድ ያን ትንፋሽ ለዓመታት ብታዳምጠው የእፎይታ ይሁን፣ ሰውየው ዛሬም ባለመጠራቱ የቅሬታ ለይታ ማወቅ አልቻለችም፤ ለመጠየቅም ድፍረቱ አልነበራትም።